ትንሿን የታይ ምግብ ቤት በወንበሯ አትመዝኑብን

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ከርማችኋል። የምግብ ቤት ገጻችሁን ከስፖርቱ ቀድሜ ነው ምገልጠው፣ ስለዚ ይሄን ስጽፍ እንደ ደንበኛ እንጂ እንደ ጠላት እንዳታዩኝ። ሰሞኑን ስለ አንዲት ጠባብ የታይ ምግብ ቤት ያወጣችሁት ግምገማ ግን በጣም ነው ያናደደኝ። ገምጋሚው ስለ ወንበሩ ጻፈ፣ ስለ ነጩ መብራት ጻፈ፣ ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተው የጎረቤት ወሬ እንደሚሰማ ጻፈ፣ ሾርባው ከዋናው ምግብ በኋላ መምጣቱን እንደ ትልቅ በደል ቆጥሮ ጻፈ፣ አስተናጋጇ ፈገግ አላለችም አለ፣ ስለ ምግቡ ግን ፓድ ታዩ (የሩዝ ኑድል ጥብሱ) ጣፈጠኝ፣ ከሪው (የኮኮናት ወተት ወጡ) አቃጠለኝ ከማለትና ከመሰል ቁርጥራጭ አስተያየት ውጪ ምንም የለም። ኧረ በናታችሁ! ሰው እንደዛ አይነት ቤት ሚሄደው ወንበር ሊገዛ ነው እንዴ?

ምለው ነገር አንድ ነው። ትንሽ የታይ ምግብ ቤት ውስጥ ጥሩ መብላትና መጥፎ መብላት ግማሹ ከኩሽናው ነው ሚመጣው፣ ግማሹ ደሞ እኛ ካዘዝንበት መንገድ፣ እና ጋዜጣ ሰውን ማዘዝ ቢያስተምር ከወንበር ወሬ በብዙ ይሻላል። ይሄው ነው ነገሬ፣ ከዚ በታች ያለው ማብራሪያ ነው፣ ረዘመ ካላችሁ ቆርጣችሁ አውጡት ግን የቃሪያዋን ክፍል አትንኩብኝ።

ከኩሽናው ልጀምር። በተጨናነቀ ከተማ ውስጥ ያለች እንዲህ ያለች ቤት ብዙ ጊዜ ሚያበስለው አንድ ሰው ነው፣ ቢበዛ ሁለት፣ እና ሆዱ ጎድጎድ ያለው ዎክ ሚባለው መጥበሻ ኃይለኛ እሳት ላይ ተጥዶ ቀኑን ሙሉ አይወርድም። ዎክ ላይ ሚሰራ ምግብ አንዴ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ ነው ሚፈጀው፣ ግን የብዙ ሰው ኦርደር አንድ ላይ ከተደፋበት እሳቱ ይሸነፍና ነገርየው መጠበሱ ቀርቶ በገዛ ውሃው መቀቀል ይጀምራል፣ ለዚ ነው ጎበዝ አብሳይ የአንድ ሰው የሁለት ሰው እያለ ሚሰራው፣ አንዱን ይጨርሳል ዎኩን ያጥባል ሌላውን ይጀምራል። ከሪ ደሞ ሌላ ነው፣ ቅመሙ ቀድሞ ተወቅጧል፣ የኮኮናት ወተቱ ወፍራሙ ክፍል ዘይቱ እስኪለይ ድረስ ይሞቅና ቅመሙ እዛ ላይ ይጠበሳል፣ ከዛ በኋላ ማሞቅና መጨለፍ ነው። ሶም ታም ሚባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ደሞ በሙቀጫ ነው፣ ለያንዳንዱ አዛዥ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ይወቀጣል፣ ፓፓያው ይጨመርና በዘነዘና ቀስ እያለ ይደበደባል፣ ሚደቅ ሳይሆን ትንሽ ደቀቅ ብሎ ሶሱን እንዲጠጣ።

እንግዲህ እነዚህን ሶስቱን በአንድ ጊዜ ካዘዝክ በሶስት የተለያየ ፍጥነት ነው ሚመጡልህ፣ የደረሰው ይቀድማል። ታይላንድ ውስጥም እንደዚሁ ነው፣ ሾርባው ከሩዙና ከከሪው ጋር እኩል መሃል ላይ ይቀመጣል፣ እሱን ጨረፍ ይሄን ጨረፍ እየተባለ ይበላል እንጂ መጀመሪያ ሾርባ ቀጥሎ ዋና ምግብ ሚል ሰልፍ የለም። ገምጋሚያችሁ በሌላ ሀገር የጠረጴዛ ስርዓት ነው የታይን ቤት የፈረደበት። አስተናጋጇም ፈገግ ያላለችው በምሳ ሰዓት ሰሀን ተሸክማ በጠባብ መተላለፊያ እየሮጠች ስለነበር ይሆናል፣ እኔም ብሆን አልስቅም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የጋለ ዎክ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ሙሉ ያስላል። ይሄን ሲያነሱት እንደ ነውር ነው ሚያወሩት። ለኔ ጥሩ ምልክት ነው፣ ማንም የማያስልበት የታይ ቤት ሲገጥመኝ ነው ምጠራጠረው።

አሁን ወደ ቃሪያዋ። አብዛኛው ቤት ሲያዝዙ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ምን ያህል ያቃጥል? አንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለው፣ አንዳንዱ ሜኑው ላይ የቃሪያ ስዕል ደርድሯል። ይሄ ጥያቄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ነገር ሚበላሸው እዚ ጋ ነው። ግማሹ ሰው ጀግና ለመሆን 5 ይላል፣ ከዛ ሁለት ጉርሻ በልቶ ፊቱ ቀልቶ ውሃ በውሃ ይሆናል፣ ሰሀኑ እንዳለ ይመለሳል። ሌላው ግማሽ ደሞ ፈርቶ ምንም ቃሪያ አይግባ ይላል፣ ያኔ ኩሽናው ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ቃሪያ ሲወጣ ጎምዛዛውና ጨዋማው ነገር ብቻውን ፊት ለፊት ይቀራል፣ ያንን ለማለስለስ ስኳር ይጨምሩበታል፣ ምግቡ ጣፋጭ ይሆናል፣ ሰውየው ወጥቶ የታይ ምግብ ስኳር በስኳር ነው ይላል። ቆይ፣ ማን ነው ስኳሩን ያዘዘው?

የታይ አበሳሰል ዋናው ጉዳይ ሚዛን ነው። ጎምዛዛው ላይም ከሚባለው አረንጓዴ ሎሚ ወይ ታማሪንድ ከሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ይመጣል፣ ጨዋማው ከአሳ ሶስ፣ ጣፋጩ ከዘንባባ ስኳር፣ ሚያቃጥለው ከቃሪያ፣ እና አራቱ እየተጓተቱ ነው ሚቆሙት። ማቃጠሉ ከአራቱ አንዱ ነው፣ የጀግንነት ፈተና አይደለም። ለዚ ነው ኑድል ሚሸጥበት ቤት ጠረጴዛ ላይ አራት ትንንሽ ዕቃ ያለበት መያዣ ሚቀመጠው፣ ስኳር፣ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ፣ የአሳ ሶስ፣ እና ቃሪያ የተቆረጠበት ኮምጣጤ። ማለትም ሚዛኑን መጨረስ ያንተ ስራ ነው ማለት ነው፣ አብሳዩ መሰረቱን ሰርቶ ሰጥቶሃል ቀሪው ባንተ ምላስ ነው። ገምጋሚያችሁ ያንን መያዣ እንደ ጌጥ አልፎት ይሆናል፣ ከጻፈው አንድ መስመር የለበትም፣ ሾርባው ግን ጎምዛዛነት ጎደለው ይለናል። ኮምጣጤው እኮ ክንድህ ስር ነበር ወንድሜ!

መቅመስ ግን ይቀድማል። ሳይቀምስ ቃሪያ ሚነሰንስ ሰው ሲያጋጥመኝ እጁን ብይዘው ደስ ይለኛል።

እና ስላቃጠለው ሰው፣ ውሃ አይረዳም። ምላስን ሚያነደው ካፕሳይሲን ሚባለው ነገር ስብ ውስጥ እንጂ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ውሃ ስትጠጣ ለሁለት ሰከንድ ይበርድልሃል ከዛ ያንኑ ነገር በአፍህ ውስጥ አዳረስከው ማለት ነው። ወተት ነገር ይሻላል፣ ሩዝ ይሻላል፣ ትንሽ ስኳርም ያግዛል። ለዚ መሰለኝ የታይ አይስ ቲ በኮንደንስድ ሚልክ ተሰርቶ ብርቱካናማ ሆኖ ከከሪ ጎን ሚያምርበት፣ ጣፋጩም ወተቱም አንድ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ደሞ ሚገርመው ምላስ ላይ ካፕሳይሲን ሚነካው ተቀባይ ያው ሙቀት ሚለየው ተቀባይ ነው፣ ዴቪድ ጁሊየስ ሚባለው ሳይንቲስት ይሄን በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተጋርቷል፣ ስለዚ አቃጠለኝ ስትል አንጎልህ እውነት እሳት ነው ብሎ ነው ሚያምነው፣ ማጋነን አይደለም። ቃሪያን በልክ መመዘን ራሱ ድሮ የተጀመረ ነገር ነው፣ ዊልበር ስኮቪል ሚባል የመድሃኒት ሰው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው መለኪያውን ያወጣው፣ በሱ መለኪያ የታይ ኩሽና ሚወዳት ትንሿ ቃሪያ ብዙ ጊዜ ከ50,000 እስከ 100,000 ትመዘናለች፣ ሃላፔኞ ሚባለው ቃሪያ ደሞ ከ2,500 እስከ 8,000። ገባችሁ አይደል ለምን 5 ማለት ቀልድ እንዳልሆነ?

የኔ ምክር፣ መጀመሪያ ቀን መሃል ላይ ያለውን ዘዙ፣ ለዛኛው ቤት መሃሉ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የአንዱ ቤት 2 የሌላው 4 ነው፣ ቁጥሩ በየቤቱ ይለያያል። ጨርሶ ማትችሉ ከሆነ ደሞ ቃሪያ አውጡልኝ ከማለት ከመሰረቱ ብዙ ማያቃጥል ምግብ ምረጡ፣ ማሳማን ከሪ አለላችሁ፣ ቀረፋ ሄልና ቅርንፉድ ያለበት፣ ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር የመጣ ጣዕም ነው፣ ድንችና ኦቾሎኒ አለው፣ ለስለስ ያለ ነው። ያለ ቃሪያ የተሰራ ሶም ታም ከመብላት እሱን በስርዓቱ መብላት ይሻላል። ግሪን ከሪን ደሞ ቀለሙ አረንጓዴ ነው ብላችሁ እንዳትደፍሩት፣ አረንጓዴነቱ ከጥሬ ቃሪያ የመጣ ነው፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ነው ሚሸወደው።

ስለ ፓድ ታይ ደሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም ምክንያቱም ግምገማው ላይ ገምጋሚው እውነተኛ የታይ ጣዕም ሚል ቃል ሶስት ቦታ ተጠቅሟል፣ ማስረጃው ደሞ ፓድ ታይ ነው። ፓድ ታይ እኮ በታይላንድ ምግቦች መሃል ልጅ ነው። የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ፕሌክ ፒቡንሶንግክራም ስልጣን ላይ እያሉ ነው፣ ያኔ ሀገሩን አንድ ብሄራዊ መልክ ለማስያዝ ሲሉ ብዙ ነገር ነው የቀያየሩት፣ ሲያም ሚለውን የሀገሩን ስም እ.ኤ.አ. በ1939 ታይላንድ ያሉትም እሳቸው ናቸው፣ መንግስታቸውም ህዝቡ ኑድል እንዲበላና እንዲሸጥ ይገፋፋ ነበር። ኑድሉ ራሱ ከቻይናውያን የመጣ ነው። ቃሪያውስ? ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው፣ ፖርቹጋሎች የድሮዋ የሲያም ዋና ከተማ አዩታያ ከደረሱበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት እዛ ሀገር ያቃጥል የነበረው ቁንዶ በርበሬ ነው። ፓፓያም ከዛው ከአሜሪካ ነው። እና እውነተኛ ስትል የትኛውን ዘመን ነው?

ይሄን ምለው ፓድ ታይን ለማጣጣል አይደለም፣ በደንብ ሲሰራ በጣም ነው ምወደው፣ ታማሪንዱ ጎላ ብሎ፣ የማሾ ቡቃያው ሳይሞት፣ ኦቾሎኒው ከላይ ተነስንሶ፣ ላይም ጎኑ ላይ ተቆርጦ። ችግሩ ታማሪንዱ ይቀርና በኬቻፕ ሲተካ ነው፣ ሰሀኑ ቀይ ሮዝ ሆኖ ከመጣ ተጠራጠሩ። እና ሌላው ችግር ሁሉም ሰው እሱን ብቻ ማዘዙ። አራት ሰው ይገባል አራት ፓድ ታይ ያዛል፣ አብሳዩ ቀኑን ሙሉ አንድ ምግብ ሲያገላብጥ ይውላል፣ ከዛ ሌላው ቅመም መደርደሪያው ላይ ይደርቃል፣ ባለቤቱም ያልተፈለገውን ከሜኑ ያወጣዋል። ደንበኛው ነው ሜኑውን ሚጽፈው በሌላ አነጋገር።

ይሄ ሜኑ በየከተማው ለምን እንደሚመሳሰል አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፓድ ታይ፣ ቶም ያም፣ ግሪን ከሪ፣ ስፕሪንግ ሮል፣ ማንጎ ከስቲኪ ራይስ (ከተጣባቂ ሩዝ) ጋር፣ የትም ሂዱ ያው ነው። አንዱ ምክንያት የታይላንድ መንግስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግሎባል ታይ ሚባል ፕሮግራም ጀምረው የታይ ምግብ ቤት በአለም ላይ እንዲበዛ ሰርተዋል፣ ያኔ ከሀገራቸው ውጪ የነበረው 5,500 ገደማ ነበር፣ ወደ 8,000 ለማድረስ ነበር እቅዱ፣ አሁን ከዛ በጣም አልፏል። ለሚከፍት ሰው የቤት አይነት ሳይቀር አዘጋጅተው ነበር፣ ለፈጣን ምግብ ኤለፈንት ጃምፕ፣ ለመካከለኛው ኩል ቤዝል፣ ለውዱ ጎልደን ሊፍ ብለው። ታይ ሴሌክት ሚል ምልክት በር ላይ ካያችሁ ደሞ የታይላንድ ንግድ ሚኒስቴር ሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አለምን በምግብ ማሸነፍ ከሌላው መንገድ ይሻላል፣ ግን መመሳሰሉ ያሰለቻል።

ስለዚ ሜኑው ውስጥ ሁሉም ቤት የሌለውን ፈልጉ። ግድግዳው ላይ በእጅ ጽሁፍ በታይ ፊደል የተለጠፈ ወረቀት ካለ ያ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ሚበሉት ምግብ እሱ ነው። ኢሳን ከሚባለው ከሰሜን ምስራቁ ክፍል የመጡ ከሆነ ላርብ ይኖራቸዋል፣ የተከተፈ ስጋ ከላይምና ከተቆላ ሩዝ ዱቄት ጋር፣ ከሱ ጋር ስቲኪ ራይስ በእጅ እየተጠቀለለ ይበላል። ሌላው ምመክረው ፓድ ክራፓው ነው፣ የተፈጨ ስጋ በቃሪያ በነጭ ሽንኩርትና በክራፓው ቅጠል ተጠብሶ ሩዝ ላይ፣ ከላዩ ዳሩ የተቃጠለ የተጠበሰ እንቁላል። ቅጠሉ የበሶብላ ዘመድ ነው ግን ከተራው ለየት ያለ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሚል ሽታ አለው፣ እሱን ሁሌ ማግኘት ስለማይቻል ነው ብዙ ቤት በጣፋጩ አይነት ሚተካው። ባንኮክ ውስጥ ሰው ምን ልብላ ብሎ ሲጨንቀው ሚያዘው እሱን ነው፣ ማለትም የየቀን ምግብ ነው፣ እና ኩሽናን ለመፈተን ከየቀን ምግብ የተሻለ የለም። ካሮትና ብሮኮሊ ሞልተውበት ከመጣ ግን በቃ ደህና ሁኑ።

ቶም ያምን በተመለከተ አጭር ነገር፣ ሾርባው ውስጥ ያለው ጠጅ ሳር፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ጋላንጋልና የላይም ቅጠሉ ሽታ ለመስጠት ነው የገቡት፣ አይበሉም፣ ወደ ጎን ይደረጋሉ። ገምጋሚያችሁ እንጨት እንጨት ሚል ነገር አገኘሁ ያለው እሱን ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ ይቅር በሉኝ። የሽሪምፑ ቶም ያም እ.ኤ.አ. በ2024 የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታይላንድ ገንዘብ ሲወድቅ የተነሳውን የእስያ የኢኮኖሚ ቀውስም ታዮች በዚሁ ሾርባ ስም ነው ሚጠሩት። ቀውሳቸውን ሳይቀር በሾርባ ሚሰይሙ ሰዎች ናቸው፣ ውደዷቸው።

ቾፕስቲክ ስለመጠየቅ። ታዮች ሩዝ ሚበሉት በማንኪያና በሹካ ነው፣ ማንኪያው ቀኝ እጅ ላይ ሆኖ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ሹካው ግራ እጅ ላይ ሆኖ ይገፋል፣ ቢላ አያስፈልግም ምክንያቱም ሁሉም ኩሽና ውስጥ ተቆርጦ ነው ሚመጣው። ቾፕስቲክ ለኑድል ሾርባ ነው። ከሪና ሩዝ አዝዞ ቾፕስቲክ አምጡልኝ ሚል ሰው ይሰጡታል፣ ትህትና ስላላቸው፣ እሱም ሩዙን አንድ በአንድ ሲለቅም ያመሻል።

ይሄኛው ግን ቀልድ የለበትም፣ አዘጋጁ ይሄን ቢያጎላው ደስ ይለኛል። ስጋ ማይበላ ሰው ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ትንሽ የታይ ቤት ገብቶ ስጋ አይግባብኝ ብቻ ብሎ ማለፍ የለበትም። የአሳ ሶስ ከትንንሽ አሳና ከጨው ነው ሚሰራው፣ ወራት ከርሞ፣ አንዳንዴ ከአመት በላይ፣ እና የታይ ኩሽና ጨው ማለት እሱ ነው፣ አትክልት ጥብስ ውስጥም አለ። ኦይስተር ከሚባለው የባህር እንስሳ ሚሰራው ኦይስተር ሶስም እንደዛው። የከሪ ቅመሙ ሲወቀጥ ደሞ ብዙ ጊዜ የሽሪምፕ ፔስት (የተፈጨ ጨዋማ ሽሪምፕ) ይገባበታል፣ ቬጂታብል ከሪ ሲባል ስጋው ከአኩሪ አተር በሚሰራው ቶፉ ተተካ ማለት እንጂ ቅመሙ ተቀየረ ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚ ስም እየጠሩ መጠየቅ ነው፣ የአሳ ሶስ አለው? የሽሪምፕ ፔስት አለው? ኦይስተር ሶስ አለው? ቅመሙ እዚ ነው ሚወቀጠው ወይስ በቆርቆሮ ነው ሚመጣው? በቆርቆሮ ከሆነ ማሸጊያውን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ጄ ሚባል የአመጋገብ ስርዓት አለ፣ ምንም የእንስሳ ነገር የለበትም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም፣ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ተጽፎ ይሰቀላል፣ ባለቤቶቹ ታዮች ከሆኑ ጄ ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ደሞ ከሳህኑ ላይ ማንሳት አይበቃውም፣ ዎኩ አንድ ነው፣ ማንኪያው አንድ ነው፣ በጥድፊያ ሰዓት ሙሉ ለሙሉ ይታጠባል ብሎ መተማመን አይቻልም። አለርጂው ከባድ ከሆነ በግልጽ ይናገር፣ ኩሽናው እርግጠኛ አይደለንም ካለ ይመን፣ እንደዛ ሚል ቤት ታማኝ ቤት ነው፣ ኮከብ ካለ ለሱ ይሰጥ።

ዴሊቨሪም መጥቷል። አፑ ላይ አምስት ኮከብ ያለው ቤት ቤታችሁ ሲደርስ ሌላ ምግብ ነው ሚሆነው፣ የቤቱ ጥፋት ስላልሆነ ነው ማነሳው። የሩዝ ኑድል ፕላስቲክ ውስጥ እንፋሎት ሲታፈንበት ተጣብቆ ቋጠሮ ይሆናል፣ የተጠበሰው ነገር ይለሰልሳል፣ ሶም ታም ውሃ ያወጣል። ከሪ ግን መንገድ ይችላል፣ ማሳማንና ፓናንግ ሚባለው ሌላው ከሪ እንደውም ትንሽ ሲያርፉ ይጣፍጣሉ። እቤት ስትሆኑ ከሪ ዘዙ፣ ዎክ ላይ ሚሰራውን ደሞ እዛው ሂዱና ትኩሱን ብሉ። ሄዳችሁ ደሞ በምሳ ሰዓት ሰው በር ላይ ቆሞ እያያችሁ ባዶ ብርጭቆ ይዛችሁ ላፕቶፕ አትክፈቱ፣ እነዚህ ቤቶች ትርፋቸው ትንሽ ነው፣ ወንበሩ ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ኪራይ አይወጣም። ወንበሩ ማይመቸው ለዚ ይሆን እንዴ? አላውቅም፣ ብቻ በዛ ሰበብ ከሆነ እንደውም ገባኝ።

ቦታ ካላማረ ምግብ አይጥምም ለምትሉ አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ባንኮክ ውስጥ ጄይ ፋይ ሚባሉ ሴት አሉ፣ ከመንገድ ዳር ክፍት በሆነች ቤት በከሰል እሳት ዎክ ሚያገላብጡ፣ ዘይት አይናቸው ውስጥ እንዳይረጭ ትልቅ መነጽር አጥልቀው ነው ሚሰሩት፣ በሸርጣን ኦምሌታቸው ነው ሚታወቁት። ለምግብ ቤቶች ኮከብ ሚሰጠው ሚሼሊን የባንኮክን የመጀመሪያ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲያወጣ ለሳቸው አንድ ኮከብ ሰጣቸው፣ ያኔ ከ70 አመት በላይ ነበሩ። ከዛ በኋላ ሰልፉ አላስቀምጥ አላቸው፣ ዋጋቸውም ከመንገድ ዳር ምግብ በጣም ውድ ነው እና ሁሉም ሰው አይስማማበትም፣ ግን ሚሼሊን ሚያህል ፈላጭ ቆራጭ ተቋም ወንበሩን አልፎ ዎኩን ካየ የኛ ገምጋሚ ምን ይከለክለዋል?

ስለዚ አዘጋጁ ሆይ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ገምጋሚያችሁን እዛችው ቤት መልሳችሁ ላኩት፣ ብቻውን አይሂድ፣ ሶስት ሰው ይዞ ይሂድ፣ አንድ ከሪ፣ አንድ ሰላጣ፣ አንድ ሾርባና አንድ የዎክ ነገር አዝዘው ሩዝ በየሰሀናቸው አድርገው መሃል ላይ እየተካፈሉ ይብሉ፣ ፓድ ታይ ካማረው አምስተኛ አርጎ ይጨምር። ማቃጠሉን መሃል ላይ ይበል። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሚል ጠይቆ ይጻፍልን። የአሳ ሶሱን ነገር ጠይቆ ምን እንደመለሱለት ይጻፍልን። አንዴ በምሳ ጥድፊያ አንዴ ደሞ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ይሂድ፣ አንድ አይነት ምግብ በሁለቱም ሰዓት አዝዞ ያወዳድር፣ ኩሽና ሚታወቀው እዛ ላይ ነው። ሂሳቡን ጋዜጣው ይክፈል፣ ከባለቤቱ ግብዣ እንዳይቀበል፣ እና ቦታ ከጠበበባችሁ ስለ መብራቱ ሚጽፈውን አንቀጽ ቁረጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ ገጻችሁ የዘወትር አንባቢ